ኮድ ውስጥ ያለችውን የጥቅስ ምልክት አታስውቡብን!

ኧረ በፈጠራችሁ! የኮድ ማስተማሪያ የምታዘጋጁ ሰዎች፣ ' እና ’ አንድ አይደሉም! ቀጥ ያለችው በዩኒኮድ (በፊደላት መለያ ቁጥር) 0027 ናት፣ ቆልማማዋ 2019። ፓይተን የሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ ቢያንስ «ልክ ያልሆነ ፊደል» ብሎ ከነቁጥሩ ይናገራል። የሚያቃጥለው ተርሚናሉ (ትእዛዝ የሚጻፍበት መስኮት) ነው፣ በተለይ ባሽ በሚባለው የትእዛዝ ተርጓሚ የሚሠራው። ከፒዲኤፉ ላይ ፋይል መፈለጊያውን ትእዛዝ ‘*.ሎግ’ ከሚለው ጋር ኮፒ አድርጋችሁ ለጥፉ፤ ጥቅሷን የፋይሉ ስም አካል አድርጎ ይፈልግና ምንም ሳያገኝ ዝም ይላል። ስህተት የለ፣ ማስጠንቀቂያ የለ! ጀማሪው ፋይሉ የለም ብሎ ይሄዳል።

ለአዘጋጁ ሲነገረው መልሱ ምን ቢሆን ጥሩ ነው?
«ወንድሜ፣ ለኅትመት የሚያምረው እንዲህ ነው።»
«ኮዱ አይሠራም እኮ!»
«ታዲያ ተማሪው እጅ የለውም? ራሱ ይጻፈው!»

እጅ የለውም?! እናንተስ አንድ መስመር መጨመሪያ እጅ የላችሁም? በላቴክ (በሰነድ ማዘጋጃው) ኮዱን እንዳለ የሚያትመውን ቨርባቲም የምትጠቀሙ፣ አፕኮት የሚባለውን ተጨማሪ ፓኬጅ መግቢያው ላይ ጫኑ፣ አለቀ። የቴክ (የላቴክ መሠረት የሆነው) ነባሩ የኮድ ፎንት በዚያች ቦታ የያዘው ቆልማማዋን ስለሆነ ነው ይሄ ሁሉ ጣጣ። ሊስቲንግስ የሚባለው የኮድ ማሳያ ፓኬጅ ከሆነ የራሱ ምርጫ አለው፦ ኤልኤስቲሴት በሚባለው ማስተካከያ ትእዛዙ ውስጥ አፕኮትን ትሩ (true) በሉት። ላቴካችሁ ከ2020 በፊት የወጣ ከሆነ ቴክስትኮምፕ የሚባለውንም ፓኬጅ ጨምሩ።

አማርኛ ስላለበት በዚላቴክ (ዩኒኮድ በሚያነበው የላቴክ ዓይነት) የምትሠሩ ደግሞ፣ ከአሮጌ ፋይል የገለበጣችሁትን መግቢያ እዩት። የቴክ ሊጋቸር (ቀጥ ያለችውን ጥቅስ ወደ ቆልማማ የሚቀይረው) ለሁሉም ፎንት ተከፍቶ ከሆነ የኮዱንም ፎንት ያበላሸዋል። ለሞኖ ፎንቱ፣ ማለትም ለኮዱ ፎንት፣ አትክፈቱት!

ዎርድማ የባሰበት ነው። ኦቶኮሬክት ኦፕሽንስ ገብታችሁ፣ ኦቶፎርማት አዝ ዩ ታይፕ የሚለው ስር የስማርት ኮትስን ምልክት አንሡ። የተጻፈው ግን በዚህ ብቻ አይስተካከልም። ፋይንድ ኤንድ ሪፕሌስ ከፍታችሁ በሁለቱም ሳጥን ያቺኑ ' ጻፉና ሁሉንም ተኩ፤ ቆልማሞቹን ሁሉ ያቀናቸዋል። ለድርቧም " እንደዚሁ። እዚያው እያላችሁ ሁለቱን ሰረዞች -- ወደ አንድ ረጅም ሰረዝ የሚቀይረውንም አጥፉልን፣ ስንት ትእዛዝ በእሱ ተበላሽቷል!

የመስመር ቁጥሩስ ከኮዱ ጋር አብሮ ኮፒ የሚሆነው? በየቃሉ መሃል የሚገባው ክፍት ቦታስ? ክፍት ቦታው እንኳ ሊስቲንግስ ላይ ኮለምንስ የሚባለውን ምርጫ ፉልፍሌክሲብል በማድረግ የሚስተካከል ነበር። ማን ይስማ!

ደከመን በእውነት። ፋይሉን ወደ ማተሚያ ቤት ከመላካችሁ በፊት ከፒዲኤፉ አንድ ጥቅስ ያለበት መስመር ኮፒ አድርጋችሁ ተርሚናል ላይ ለጥፉ። ካልሠራ አትላኩት!