ዝም ያለ ተማሪ

ወሎ ውስጥ ተማሪ ሳለሁ አባቴ ካርዴን ሲቀበል ከሒሳብም ከሳይንስም በፊት የሚያየው «ጠባይ» የሚለውን ረድፍ ነበር። እዚያ ላይ «ኤ» ካለ ሌላው ይደርሳል። ካልጠየቁት የማይናገር፣ መምህሩን የማያቋርጥ፣ አንገቱን ደፍቶ የሚጽፍ ልጅ ጨዋ ይባላል። እኔም ጨዋ ነበርኩ። አሜሪካ የገባሁት ይህንኑ ጨዋነት ይዤ ነው፤ የመጀመሪያውን የኦንላይን ኮርሴን ያጣሁትም በእሱ ምክንያት ነው።

ጊዜው ሌሊት ሌሊት መኪና ማቆሚያ የምሠራበት ነው። ቨርጂኒያ ውስጥ አንድ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ የሳይኮሎጂ መግቢያ ተመዘገብኩ። መኪናው ጋብ ሲል ላፕቶፔን ከፍቼ ካንቫስ (ኮሌጁ ኮርሱን የሚሰጥበት ድረ ገጽ) እገባለሁ፤ ምዕራፉን አነባለሁ፣ ቪዲዮውን አያለሁ፣ ደብተሬ ላይ እገለብጣለሁ። ሁለት ሳምንት ሙሉ አንድም ሌሊት አላለፈኝም። «ራስህን አስተዋውቅ» ተብሎ ለክፍሉ የሚጻፈውን ግን ተውኩት። ሌሎቹ ስለ ውሻቸውና ስለ ልጆቻቸው የጻፉትን አንብቤ፣ የእኔ እንግሊዝኛ እዚያ መሀል ሲገባ ታየኝና አፈርኩ። በሦስተኛው ሳምንት ኢሜይል መጣ፦ ስላልተሳተፍክ ስምህ ከኮርሱ ተሰርዟል። በየሌሊቱ ገብቻለሁ ብዬ ጻፍኩ። የመጣልኝ መልስ አጭር ነበር፤ መግባት ብቻውን መገኘት አይደለም።

ያኔ ግፍ መስሎኝ ነበር። ኋላ ሳጣራ ነገሩ የመምህሩ ክፋት ሳይሆን የፌዴራሉ መንግሥት ደንብ ሆኖ አገኘሁት። ለመንግሥት የትምህርት እርዳታ ሲባል የኦንላይን ተማሪ ተገኘ የሚባለው አንድ ነገር ሲሠራ ነው፦ አሳይመንት ሲያስገባ፣ ፈተና ሲወስድ፣ ዲስከሽኑ (የክፍሉ የውይይት ገጽ) ላይ ሲጽፍ። ከእነዚህ ጎን የተቀመጠውን ግን ደጋግሜ አነበብኩት፦ ስለ ትምህርቱ ለመምህሩ ጥያቄ መላክ። እኛ ቤት ድፍረት የሚባለው ነገር እዚህ «ተገኝቷል» ተብሎ ይቆጠራል።

ነገሩ ኪስም ይነካል። ፋፍሳ የሚባለውን የእርዳታ ማመልከቻ ሞልቶ ፔል ግራንት የተባለውን የመንግሥት የትምህርት እርዳታ ያገኘ ሰው (የ2025/26 ጣሪያው 7,395 ዶላር ነው) ሴሚስተሩ 60 በመቶ ሳይሞላ ኮርሶቹን በሙሉ ካቋረጠ፣ ከእርዳታው ለቀረው ጊዜ የሚደርሰው ድርሻ ይመለሳል። ኮሌጁ የመለሰውን ደግሞ ከተማሪው ሊጠይቅ ይችላል። አፍሮ ዝም ብሎ የጠፋም እንዳቋረጠ ነው የሚታየው። በዚህ መንገድ ዕዳ ተሸክመው ትምህርት ያስጠላቸው ወገኖች አውቃለሁ፤ ሁሉም ጎበዞች ነበሩ። ስለ እነሱ ሳስብ ያንገበግበኛል።

አገር ቤት ያለው የርቀት ትምህርት ለእኔ እንግዳ አይደለም። ታላቅ እህቴ ገጠር እያስተማረች ዲፕሎማዋን ወደ ዲግሪ ያሳደገችው በእሱ ነው። ሞጁሉ ይመጣላታል፣ ማታ ልጆቿን አስተኝታ በኩራዝ ታነባለች፣ አልፎ አልፎ ቅዳሜ ከተማ ወርዳ ቲቶሪያል ትቀመጣለች፣ በመጨረሻ ፈተና። ያ ትምህርት ጎጆዋን አቁሞላታል፤ ሰው ሲያቃልለው አልወድም። ከ2015 ዓ.ም ወዲህ የመውጫ ፈተና መምጣቱም ለርቀት ተማሪው ዲግሪ ክብር የጨመረለት ይመስለኛል። ልማዱን እንዳለ ወደዚህ ስናመጣው ነው ችግሩ። እዚያ ዋናው ነገር የመጨረሻው ፈተና ስለሆነ ሰው ለፈተናው ሰሞን ወገቡን ያስራል። እዚህ ማርኩ በየሳምንቱ እየተቆራረጠ ስለሚሰጥ፣ አራት ሳምንት የተኛ ሰው በመጨረሻው ፈተና መቶ ቢያመጣ እንኳ ላይደርስበት ይችላል። እዚያ የሞጁሉን ቃል ሳያዛንፍ የጻፈ ይመሰገናል፤ እዚህ ያው ሰው ምንጭ ሳይጠቅስ ከገለበጠ የኮሌጁ የቅጂ መመርመሪያ ፕሮግራም ቀለም ቀብቶ ያወጣዋል፣ ስሙም ስርቆት ነው። ለመጽሐፉ አክብሮት መስሎት ያደረገው ነገር ዲን ፊት ያስቆመውን ሰው አይቻለሁ። ማንም ቀድሞ አልነገረውም።

ሰዓቱንም እንነጋገርበት። «ኦንላይን ስለሆነ ከሥራ ጋር ይሄድልኛል» ይባላል። ይሄዳል፣ ሰዓት ካለ። የአሜሪካ ክሬዲት ሲለካ፣ ለአንድ ክሬዲት በሳምንት አንድ ሰዓት ክፍልና ቢያንስ ሁለት ሰዓት የግል ጥናት ተብሎ ነው፤ ይህም ለ15 ሳምንት ያህል። ባለ 3 ክሬዲት ኮርስ በሳምንት 9 ሰዓት ይበላል ማለት ነው። ያንኑ በ8 ሳምንት ለመጨረስ የፈለገ ወደ 17 ሰዓት ይጠጋል። ሁለት ሥራ እየሠራችሁ ሁለት የ8 ሳምንት ኮርስ አንድ ላይ ውሰዱ የሚል ወዳጅ ካላችሁ እባካችሁ አትስሙት። ረጅሙን ሴሚስተር፣ አንድ ኮርስ ብቻ። ሲለበሱን (የኮርሱን ዕቅድ) የመጀመሪያው ቀን ክፈቱና ማስገቢያ ቀኖቹን በሙሉ ስልካችሁ ላይ ጻፉ።

የእህቴ ልጅ ከእኔ ይሻላል። ደሴ ሆኖ በ2009 እ.ኤ.አ. በተቋቋመውና ሙሉ በሙሉ ኦንላይን በሆነው ዩኒቨርሲቲ ኦፍ ዘ ፒፕል ይማራል። የማስተማሪያ ክፍያ የለውም፣ ለየኮርሱ ግን የምዘና ክፍያ አለ። ሳምንቱ የሚዘጋው በአሜሪካ ረቡዕ እኩለ ሌሊት ሊሆን ሲል ነው፤ ለእሱ ሐሙስ ጠዋት ወደ 2 ሰዓት ገደማ። እሱ ግን ማክሰኞ ይጨርሳል። «መብራት ይጠፋል ጋሼ፣ ኔትወርክም አይታመንም» ይለኛል። ንባቡን በሌሊት ጥቅል ያወርዳል፣ መልሱን መጀመሪያ ስልኩ ላይ ጽፎ ያስቀምጣል፣ መስመር ሲገኝ ይለጥፋል። እኔ ፈጣን ኢንተርኔት ሥር ተቀምጬ አፌን ዘጋሁ፤ እሱ በሚቆራረጥ መስመር ይናገራል።

ባለፈው እሑድ ማታ አሌክሳንድሪያ፣ ጎረቤቴ ቤት ነበርኩ። ቀን ቀን አረጋውያንን በየቤታቸው ትንከባከባለች፤ ነርስነት ለመግባት አናቶሚ ጀምራለች። ቡናው በረካ ላይ ደርሷል፣ ላፕቶፑ ረከቦቱ አጠገብ ተከፍቷል። የኩላሊት ምዕራፍ ነው። ዲስከሽኑ በአሜሪካ ሰዓት አቆጣጠር ማታ 11:59 ላይ ይዘጋል፣ ሰዓቱ 9:40 ነው። የኔፍሮኑ (ደም የሚያጣራው የኩላሊት ጥቃቅን ክፍል) ሥዕል ላይ ጣቷን አድርጋ ዝም ብላለች።

«ለምን አትጠይቂም?» አልኳት።

«ምን ብዬ ወንድምዬ? እንዳልገባኝ ይታወቅብኛል እኮ።»

«ያልገባሽ ምኑ ነው?»

«ኩላሊት በቀን 180 ሊትር ያጣራል ይላል። ሽንት ግን አንድ ሁለት ሊትር ነው። ያ ሁሉ ተመልሶ የሚገባ ከሆነ መጀመሪያውኑ ማጣራቱ ለምን አስፈለገ?»

ይህን ጥያቄ ይዛ ነው አፍራ የተቀመጠችው። ጻፊው አልኳት። መጀመሪያ ሦስት መስመር ይቅርታ ጻፈች፤ ስላስቸገርኩ፣ እንግሊዝኛዬ ደካማ ስለሆነ፣ ምናልባት ቀላል ጥያቄ ከሆነ። አስጠፋኋት። የቀረው ገጹ፣ ያነበበችው፣ የገባት እስከ የት እንደሆነና ጥያቄዋ ነው። 10:15 ላይ ለጠፈችው። ስኒውን ልታነሳሳ ተነሥታ ስትመለስ አንዲት የክፍሏ ተማሪ ከሥሩ ጽፋላት አገኘች፦ «እኔም ይኸው ነው ያልገባኝ፣ ስለጠየቅሽ አመሰግናለሁ።» ቆማ ሁለቴ አነበበችው፣ ከዚያ ወንበሯን ስባ መልስ መጻፍ ጀመረች።