የአክስቴ ቋጠሮ እና የኔ ፍሪጅ

ሚኒያፖሊስ ያለችው ጓሮዬ ውስጥ ቨርቤና ተክያለሁ። ቀጭን፣ ረጅም፣ ሐምራዊ አበባ ነው፤ ቢራቢሮ አይጠፋውም። ዘመዱን እኛ አገር መንገድ ዳር እየረገጥን ነው ያደግነው፤ ሆድ ሲቆርጠን የሚቀጠፍልን አቱች ከዚሁ ወገን ነው። እዚህ አንዱን ችግኝ አምስት ዶላር ስገዛ ራሴን ታዘብኩት።

የመጣው ከደቡብ አሜሪካ ነውና ብርድ አይችልም። ጥቅምት አካባቢ አንድ ሌሊት ውርጭ ይመታዋል፣ ጠዋት ስነሳ ጠቁሮ ተኝቶ አገኘዋለሁ። ዘሩን ካልያዝኩ በቃ፣ አለቀ። ስለዚህ መስከረም ላይ የደረቀውን ራስ ራሱን ቆርጬ ወረቀት ላይ አሰጣዋለሁ። በመዳፍ ሲታሽ የተሰበረ መርፌ የሚመስል ዘር ይወጣዋል፣ ከአንዷ ደቃቅ አበባ አራት አራት ፍሬ። ገለባውን እፍ ብዬ ፖስታ ውስጥ እጨምርና ቀኑን ጽፌ ፍሪጅ ውስጥ ከአዋዜው ጎን አስቀምጠዋለሁ። ትንሽ ካልበረደው ለመብቀል ይግደረደራል።

አምና ጥር ላይ ጅማ ስሄድ ይሄን ሁሉ ለአክስቴ በኩራት አወራሁላት። ሳቀችብኝ። «ፍሪጅ? ለአበባ?» አለችና ከአጥሩ ስር ከተንሰራፋው ቀይ ቨርቤና አንድ ቅርንጫፍ ቀነጠበች። «ይኸው፣ እርጥብ አፈር ላይ ሰክተሽ እርሺው።» እውነቷን ነው። ጅማ ውርጭ የለ፣ ዝናቡ ከበጋው ወራት በቀር አያቋርጥ፣ ማን ዘር ይለቅማል? የሷ ግቢ አበባ በሙሉ ከጎረቤት በአጥር ላይ የተሻገረ ግንጣይ ነው፤ የቱ ከማን ቤት እንደመጣ ሁሉ ትነግርሃለች።

እኔ ግን አልሰማሁም። ከቀይዋ ዘር ለቅሜ በፌስታል ጠበቅ አድርጌ አሰርኩና ሰኔ ላይ እንድትዘራው አደራ ብዬ ሄድኩ። (ወደዚህ ላመጣው አልሞከርኩም። ዘር ድንበር ሲሻገር የጤና ማረጋገጫ ወረቀት ይጠየቅበታል፣ በሻንጣ አትደብቁ።) ግንቦት ላይ ደወለች። «አንቺ ልጅ፣ ያ ፌስታልሽ ሻግቷል።» አፈርኩ። ለካስ እሷ ያኔውኑ ቆንጠር አድርጋ በጨርቅ ቋጥራ፣ ማድ ቤት ከበቆሎው ጋር ጭስ ላይ ሰቅላው ኖሯል። «ዘር ከሆነ እንደ ዘር ነው የሚቀመጠው» አለችኝ። የጭሱ በቀለ።

መስከረም ላይ ፎቶ ላከችልኝ። አንዱ ቀይ፣ አንዱ ሮዝ፣ አንዱ ነጣ ያለ። «ይሄኛው ደግሞ የማን ልጅ ነው?» ትላለች። የግቢ ቨርቤና ብዙውን ጊዜ ድቅል ስለሆነ ዘሩ እናቱን አይመስልም፤ ያቺኑ ቀይ ከፈለግሽ ቆርጠሽ መትከል ነው አልኳት። «እኔስ ምን ብዬሽ ነበር?» አለች።

ከሷ ጋር ስናወራ ጅማ ዞን ያለው የጮጬ ቡና ማቆያ ትዝ አለኝ። የቡና ዘር እንደ ጤፍ ጎተራ ገብቶ አይከርምም፣ ወራት ካለፉት የመብቀል አቅሙ ይሞታል። ለዚህ ነው የብዝሀ ሕይወት ኢንስቲትዩት እዚያ ቡናውን በቁሙ፣ ዛፍ አድርጎ የሚጠብቀው። የአክስቴ ሰፈር አጥርም ልክ እንደዚያ ነው ለካ። አንዷ ጋ ቢጠፋ ሌላዋ ጋ በቁሙ አለ፣ ሄዶ መቀንጠብ ነው።

ነበር ልበል መሰለኝ። እዚህ የፈረንጅ ጎረቤቴን ስም በቅጡ አላውቅም፣ ዘሬን ፍሪጅ የምከተውም አንድም የምጠይቀው ሰው ስለሌለኝ ነው። እዚያ ደግሞ ጎረቤቱ አለ፣ አፈሩ ነው የጠፋው። አዲስ የሚሠራው ቤት ሁሉ ግቢውን ከበር እስከ በር ታይል ያለብሰዋል፣ ሳሎን ውስጥ ደግሞ አቧራ የጠጣ የፕላስቲክ ጽጌረዳ። ታጥቦ የሚሰጣ አበባ! ንጹሕ ነው ይሉሃል። እኔ ያስጠላኛል።

ባለፈው ሳምንት ደወልኩላት። ቀይዋ ውሃ ተኝቶባት ሞታለች። መጀመሪያ የሰጠቻት ጎረቤት ጋ ልትቀነጥብ ብትሄድ ግቢው ታይል ሆኗል። «ሻይ ጠጥቼ ተመለስኩ» አለች። ቋጠሮው ውስጥ ትንሽ ዘር ቀርቷታል፤ ከዚያ ቀይ ይውጣ ሮዝ እንጃ። ሰኔ እስኪገባ በቆሎው ስር ተንጠልጥሏል።