ለማናውቀው ገዢ ብለን ጋቢያችንን አናበላሽ

አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ቤት የገዛ ወገናችን ጓሮው ላይ የልብስ ማስጫ ገመድ ልትከል ሲል ቀድሞ የሚሰማው «ተው፣ ነገ ስትሸጠው ዋጋውን ያወርድብሃል» የሚል ምክር ነው። ምክሩ አንዳንዴ ቤቱን ካሻሻጠው ኤጀንት፣ ብዙ ጊዜ ግን ቀድሞ ቤት ከገዛ የአገር ልጅ ይመጣል። እኔም ሲልቨር ስፕሪንግ ስገባ ተመክሬ ሦስት ዓመት ያለ ገመድ ኖሬአለሁ። በዚያ ጊዜ ውስጥ እናቴ የላከችልኝን ጋቢ ድራየር፣ ማለትም የልብስ ማድረቂያ ማሽን፣ ውስጥ ከትቼው ተሰብስቦ ወጣ፤ ጥለቱ ተጨማደደ፣ ዳግመኛም አልተቃናም። በእጅ የተፈተለ ጥጥ ያን ሙቀትና መንከባለል አይችልም። ነጠላም ሆነ የሐበሻ ቀሚስ ተዘርግቶ፣ ነፋስ እየነካው መድረቅ አለበት። ስለዚህ ይህ ጉዳይ ለእኛ ከመብራት ሂሳብም በላይ ነው፤ ምንም እንኳ ድራየሩ በአንድ ዙር ከ2 እስከ 4 ኪሎዋት ሰዓት ኤሌክትሪክ ቢበላም።

ፍርሃቱ መነሻ የለውም አልልም። ብዙ የሰፈር ማኅበራት፣ ኤችኦኤ የምንላቸው፣ የተሰጣ ልብስ የድህነት ምልክት ይመስላል ብለው ገመድ ሲከለክሉ ኖረዋል። ሜሪላንድ ግን እ.ኤ.አ. በ2010 ባወጣችው ሕግ ማኅበራቱ በግል መኖሪያ ቤቶች ላይ ፈጽሞ እንዳይከለክሉ አድርጋለች። ስለ ቦታውና ስለ አቀማመጡ ምክንያታዊ ደንብ ማውጣት ይችላሉ። ፍሎሪዳ፣ ኮሎራዶ፣ ቬርሞንትና ሜይንም ተመሳሳይ ሕግ አላቸው። ኤችኦኤ ካላችሁ ከመትከላችሁ በፊት በጽሑፍ አስታውቁ፤ መልሱንም አስቀምጡት።

ዋጋውን በተመለከተ፣ የቤት ገማች የሚያነጻጽረው በቅርቡ የተሸጡ ተመሳሳይ ቤቶችን ነው፦ ስፋታቸውን፣ የመኝታ ክፍላቸውን ብዛት፣ ይዞታቸውን። ገዢን የሚያሸሸው ዝጎ ያዘመመ ብረትና ሣር መሃል ፈጦ የቀረ የኮንክሪት ጉብታ ነው። ይህ ደግሞ የአተካከል ጉድለት እንጂ የገመዱ ጥፋት አይደለም።

እኔ በመጨረሻ የተከልኩት የሚነቀል ምሰሶ ነው። ኮንክሪቱ ውስጥ የሚቀበረው ምሰሶው የሚገባበት ቧንቧ ብቻ ነው፤ አፉ ከሣሩ ጋር እኩል ይሆናል፣ ክዳንም አለው። እንግዳ ሲመጣ ወይም ቤቱ ለሽያጭ ፎቶ ሲነሳ ምሰሶውን መዝዞ ጋራዥ ማስገባት የደቂቃዎች ሥራ ነው። እዚህ አገር መሬቱ በበረዶው ወራት ውርጭ ይዞት ስለሚያብጥ ጉድጓዱን ወደ 75 ሴንቲሜትር ማጥለቅ ይሻላል። ከመቆፈራችሁ ጥቂት ቀናት በፊት ግን 811 ደውሉ፤ የጋዝና የኤሌክትሪክ መስመሩ የት እንደሚያልፍ በነፃ መጥተው ምልክት ያደርጉላችኋል። ይህን መዝለል ሕይወት ሊያስከፍል ይችላል።

ጓሮው ጠባብ ከሆነ ተስቦ ወደ ሳጥኑ የሚመለሰው ገመድ ይበቃል። ነገር ግን የቤቱ ግድግዳ በውጭ በኩል በፕላስቲክ የተሸፈነ ከሆነ ሽፋኑ ላይ አትግጠሙት፤ እርጥብ ጋቢ ከባድ ነው፣ ሽፋኑን ገንጥሎ ይወርዳል። ከጀርባው ያለውን የግድግዳ እንጨት ፈልጋችሁ እሱ ላይ እሰሩት። ከመንገድ የማይታይ፣ ፀሐይ የሚያገኝ፣ ከዛፍ የራቀ ቦታ ምረጡ። ሚያዝያ ላይ የዋርካ ያህል ከሚሰፉት የኦክ ዛፎች የሚረግፈው ቢጫ ብናኝ ነጭ ልብስ ላይ ያርፋል፤ አለርጂ ያለበት ሰው ካለ ያን ሰሞን ቤት ውስጥ ማስጣት ነው።

ድራየሩን ግን አታስወጡ። የ240 ቮልት መሰኪያውና የአየር መውጫው እንዳለ ይቆይ፤ እዚህ አገር ቤት የሚገዛ ሰው እነሱን ይጠብቃል፣ ለበረዶው ወራትም ያስፈልጋሉ።

ስትሸጡ ምሰሶውን ይዛችሁት የምትሄዱ ከሆነ ውሉ ላይ አስጽፉት፤ መሬት ውስጥ የተተከለ ነገር አብዛኛውን ጊዜ ከቤቱ ጋር እንደተሸጠ ይቆጠራል። ለገዢው የምትተዉለት ከሆነም ጋራዥ ውስጥ የት እንዳስቀመጣችሁት፣ ክዳኑም ሣሩ ላይ የት እንዳለ አሳዩት።