መቼ ነው የምትውዪው?

ካቻምና መስከረም አጋማሽ ላይ 11 ኦርደር ተከምሮብኝ ሸማኔዬ ጠፉብኝ።

ስልካቸው ዝግ ነው። ቴሌግራም ከገቡ አራት ቀን ሆኗቸዋል። መጀመሪያ የታመሙ መስሎኝ ደነገጥኩ፣ ቀጥሎ ሌላ ደንበኛ አግኝተው የተዉኝ መስሎኝ ተናደድኩ፣ በመጨረሻ አዲስ አበባ ያለችውን ታናሽ እህቴን ሽሮ ሜዳ ድረስ ላክኋት። በራቸው ላይ ቆማ ደወለችልኝ። ተቆልፏል። የጎረቤቶቻቸውም ተቆልፏል። ሌላ ጊዜ የመወርወሪያ ድምፅ የማይጠፋበት ግቢ ጭር ብሏል። "ምን ሆነው ነው?" ስላት ሳቋ መጣ። "አንቺ ደግሞ! መስቀል ደርሶ የለ እንዴ፣ አገራቸው ገብተዋል።"

ረስቼዋለሁ። መስቀልን!

ለማታውቁኝ ላስተዋውቅ። የምኖረው ሜሪላንድ ነው፣ አንድ ትንሽ ኦንላይን ሱቅ አለኝ። በእጅ የተሸመነ ሻርፕ፣ የጠረጴዛ ልብስ፣ የትራስ ልብስ እሸጣለሁ። ጋሼ (ስማቸውን ልተወው) ሽሮ ሜዳ ቁጭ ብለው ይሸምናሉ፣ እኔ እዚህ ጫፉን እቋጫለሁ፣ እሰፋለሁ፣ ፎቶ አነሳለሁ፣ አሽጌ ፖስታ ቤት አደርሳለሁ። ሥራ አስኪያጇም ተላላኪዋም ሒሳብ ሹሟም እኔ ነኝ። "ድርጅታችን" ብዬ ስጽፍ ብዙ ሰው ያለን ይመስላል፣ ያለነው እኔና የሳሎኑ ጥግ ነን።

ጋሼ ከሁለት ሳምንት በኋላ ስልካቸውን ከፈቱ። የመጀመሪያ ቃላቸው "እንኳን አደረሰሽ ልጄ!" ነበር። ድምፃቸው ሞቅ ብሏል፣ ከኋላ ሰው ይስቃል። እኔ ሆዬ ለሁለት ሳምንት ያጠራቀምኩትን ንዴት ላወርድባቸው ተዘጋጅቻለሁ። ደንበኞቼ እየጠየቁኝ ነው፣ ሁለቱ ሰርዘዋል፣ ቢያንስ አይነግሩኝም ነበር ወይ፣ ምናምን። ረጋ ብለው ሰሙኝ። ከዚያ "መስቀል መቼ እንደሆነ ጠፍቶሽ ነው?" አሉኝ። ለነገር አልነበረም፣ ከልባቸው ገርሟቸው ነው። ቀጠሉና "ቆይ አንቺ መቼ ነው የምትውዪው?" አሉኝ።

መልስ አጣሁ።

ነገሩን ለማያውቅ ላስረዳ። የሽሮ ሜዳ ሸማኔዎች ብዙዎቹ ከጋሞ የመጡ ናቸው፣ ዶርዜና ጨንቻ አካባቢ። ለጋሞ ሰው መስቀል፣ በእነሱ አጠራር ዮ ማስቃላ፣ የዓመቱ ትልቁ ቀን ነው። የትም ይሥራ የትም ለመስቀል አገሩ ይገባል። ጊዜውም ከሥራው ጋር ይገጥማል፦ እንቁጣጣሽ ሲቃረብ ቀሚሱም ነጠላውም ስለሚፈለግ ነሐሴን ቀን ከሌት ይሸመናል፣ ሒሳብ ይሰበሰባል፣ ከዚያ ጉዞ። ጋሼ እንዳጫወቱኝ ደግሞ ዝግጅቱ በነሐሴ አይጀምርም። የዘንድሮው መስቀል ባለፈ ማግስት ለከርሞው በሬ ገንዘብ መቀመጥ ይጀምራል። ሚስትየዋ በበኩሏ ቅቤ ታጠራቅማለች። ማለትም እረፍቱ ከሥራ የተረፈች ቀን አይደለችም። ዓመቱን ሙሉ የሚከፈልላት ነገር ናት።

እኔስ? የእኔ እቅድ "ኦርደር ሲቀንስ አርፋለሁ" ነበር። ኦርደር ሲቀንስ ደግሞ ለምን ቀነሰ ብዬ ስለምጨነቅ ያኔም አላርፍም።

እንደውም ከዚያ ሁለት ወር ቀደም ብሎ፣ ሐምሌ ላይ፣ "አርፌ" ነበር። ከልጆቹ ጋር ኦሽን ሲቲ ባሕር ዳር ሄድን። ሱቁን ቫኬሽን ሞድ ላይ አደረግኩት። ሱቄ ያለበት የእጅ ሥራ መሸጫ ድረ ገጽ፣ ኤትሲ፣ ላይ ይህ ሲደረግ እቃዎቹ ከፍለጋ ይጠፋሉ፣ ማንም መግዛት አይችልም፣ የሚመጣ ሰው የተውሽለትን መልእክት ብቻ ያነባል። ስሰማው ጥሩ ነበር። ግን ሻንጣዬ ውስጥ ሰባት ሻርፕ ይዣለሁ፣ ስመለስ እንዳይቆለልብኝ ጫፋቸውን ለመቋጨት። አሸዋው ላይ ቁጭ ብዬ፣ ክሩን ጭኔ ላይ እያሸሁ፣ ሁለት ሁለቱን እየገመድኩ፣ ዓይኔ ባሕሩ ላይ ልቤ ክሩ ላይ። አጠገባችን ጃንጥላ የተከሉ ሴትዮ ትንሽ አዩኝና ምንድነው ብለው ጠየቁኝ። ነገርኳቸው። ስንት ነው አሉ። ሁለት ሸጥኩ! ሱቁ ዝግ ነው፣ ባለሱቋ ግን ባሕር ዳርም ተሰልፋ ትሸጣለች። ባለቤቴ አንድ ነገር ሊናገር አፉን ከፈተና መልሶ ዘጋው።

ማታ ማታ ደግሞ መልእክት። ኤትሲ ለጥሩ ሻጮች የሚሰጠው ስታር ሴለር የሚለው ባጅ አለው፣ እሱን ለማግኘት ከሚጠየቁት ነገሮች አንዱ ከሚመጡልሽ የመጀመሪያ መልእክቶች 95 በመቶውን በ24 ሰዓት ውስጥ መመለስ ነው። ባጁ ከሌለ ሱቅ አይዘጋም፣ የሞተም የለም። ግን አንዴ ካገኙት በኋላ ማጣቱ ያማል። ስለዚህ ሆቴሉ መታጠቢያ ቤት ገብቼ፣ ልጆቹ እንዳይነቁ መብራት ሳላበራ፣ "አዎ በቀዝቃዛ ውሃ ይታጠባል" ብዬ እጽፋለሁ። አንድ እቃ ሲለጠፍ 20 ሳንቲም ይከፈልበታል፣ አራት ወር ይቆያል፣ ሱቁ ቢዘጋም ያ አራት ወር መቁጠሩን አያቆምም። ትንሽ ገንዘብ ናት፣ አውቃለሁ። ግን ተኝቼም የምትቆጥር ሰዓት አለች ማለት ነው፣ እሷ ነች የምታንገበግበኝ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። እ.ኤ.አ. በ2022 ኤትሲ ከሽያጭ የሚወስደውን ከ5 በመቶ ወደ 6.5 በመቶ ሲያሳድግ፣ በሺዎች የሚቆጠሩ ሻጮች በኤፕሪል 11 ለአንድ ሳምንት አድማ መቱ። እንዴት አድማ እንደመቱ ታውቃላችሁ? ሱቃቸውን ቫኬሽን ሞድ ላይ በማድረግ። ለእረፍት የተሰጠችው ቁልፍ ለአድማ ዋለች። ከዚያ ወዲህ እሷን በነካሁ ቁጥር ባላምፅም ያመፅኩ ይመስለኛል።

ሕግ ያሳርፈናል ብላችሁም አትጠብቁ። አሜሪካ ውስጥ አሠሪ የሚከፈልበት የዓመት እረፍት እንዲሰጥ የሚያስገድድ የፌዴራል ሕግ የለም፣ ይሄ ለተቀጣሪው ነው። አገር ቤት የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለተቀጣሪ በመጀመሪያው ዓመት 16 የሥራ ቀን ይሰጣል። ጋሼ ግን ተቀጣሪ አይደሉም፣ እኔም አይደለሁም። በወረቀት ሁለታችንም ባዶ ነን። እሳቸው ግን በዓል ይውላሉ።

ልዩነቱ ቶሎ የታየኝ በማስታወቂያ ነው። ሐምሌ ላይ ሱቄን ስዘጋ የጻፍኩትን ቆይቼ አነበብኩት። አራት አንቀጽ! "ለሚደርስብዎ መጉላላት ከልብ ይቅርታ እጠይቃለሁ" ይላል፣ ትዕግሥትዎን ይላል፣ ድጋፍዎን ይላል፣ ሰው የገደልኩ ነው የሚመስለው። አገር ቤት ሰፈራችን የነበረ ሱቅ በር ላይ የሚለጠፈው ወረቀት ግን ትዝ ይለኛል። ከደብተር የተቀደደች፣ በእስክሪብቶ፦ "ለበዓል ዝግ ነው።" አለቀ። መቼ እንደሚከፈት የለም፣ ይቅርታ የለም። አንዳንዴም "ለቅሶ ሄደናል" ትላለች፣ ያኔ ደንበኛው ራሱ ማን ሞቶ ነው ብሎ ጎረቤት ይጠይቃል። እህቴ አሁን ቴሌግራም ላይ ልብስ ትሸጣለች፣ ሌሊት ስድስት ሰዓት ላይ "ዋጋ?" ብሎ የሚጽፍ እሷም ጋ ሞልቷል። ለፋሲካ ስትዘጋ ግን አንዲት መስመር ነው የምትለጥፈው። ከሥሯ የሚመጣው መልስ "እንኳን አብሮ አደረሰን" ነው። ደንበኛውም ያው በዓል ላይ ነዋ፣ ማን ማንን ይጠብቃል?

በቃ አገር ቤት ገነት ነው ልል አይደለም። ጋሼ እዚያ ጉድጓዳቸው ውስጥ እግራቸውን ከተው ወገባቸውን አጥፈው ሲሸምኑ ነው የሚውሉት፣ ካልሸመኑ የሚከፍላቸው የለም፣ ቢታመሙም ያው። በዓል ሲባል ደግሞ ለማን ነው የሚለውን እናንሳ። እናቴ በፋሲካ ዋዜማ አርፋ አይቼ አላውቅም። ሽንኩርቱ፣ ዶሮው፣ ቤቱ፣ እንግዳው፣ በበዓሉ ቀን ቁጭ ስትል እንቅልፍ ይጥላታል። ጋሼን ሚስታቸው ለመስቀል ምን ይሠራሉ ብላቸው "አይ እሷማ ሥራዋ ብዙ ነው" ብለው አለፉት። ቅቤ ካጠራቀመችው ሴትዮ ጋር አንድ ቀን በስልክ ማውራት እፈልጋለሁ።

የሆነው ሆኖ የበሬው ነገር ጭንቅላቴ ውስጥ ቀረ። ያኔውኑ ባንኬ ላይ ሌላ ሒሳብ ከፈትኩ። ከእያንዳንዱ ኦርደር 2 ዶላር ወደዚያ አስቀምጣለሁ። ስሙን "በሬ" አልኩት። ባለቤቴ የሒሳብ ዝርዝሩን አይቶ "ይሄ በሬ የሚባለው ማነው?" ብሎ ደነገጠ፣ ያው እናንተም እንደዚያ ነው የምታስቡት። መጠኑ ትንሽ ነው፣ አሥር ቀን ሱቅ ብዘጋ የሚቀርብኝን ግማሹን እንኳ አይሞላም። ግን አንድ ሻርፕ ስሸጥ እረፍቴን ትንሽ የገዛሁ ይመስለኛል፣ ድሮ ግን እያንዳንዱ ሽያጭ እረፍቴን የሚያዘገይ ሌላ ሥራ ብቻ ነበር።

ከጋሼም ጋር ተስማማን። እሳቸው ሲዘጉ እኔም እዘጋለሁ። በሥራ አካሄድ ካያችሁት ጊዜው መጥፎ ነው። እዚህ ገበያው የሚሞቀው ኖቬምበርና ዲሴምበር ላይ ነው፣ ለፈረንጆቹ ገና ስጦታ። ሴፕቴምበር መጨረሻ ለዚያ እቃ የሚከማችበት ወር ነው፣ እኛ ደግሞ ልክ ያኔ እንጠፋለን። ስለዚህ ድሩም ማጉም ወደ ሰኔና ሐምሌ ተገፋ፣ ኦሽን ሲቲም ቀረ። ልጆቹ አልወደዱትም፣ እውነታቸውን ነው።

አምና ሞከርነው። ጋሼ ሊሄዱ ሲሉ ፎቶ ላኩልኝ፦ ድሩ እንደተዘረጋ ነው፣ ግማሽ የደረሰ ጥለት ይታያል፣ ላዩ ላይ አሮጌ ጋቢ ጣል ተደርጎበታል። ሳይጨርሱት! እኔ ብሆን አንድ ሌሊት አድሬም ቢሆን ጨርሼው ነበር የምሄደው። "ምነው አልጨረሱትም?" አልኳቸው። "የት ይሄዳል?" አሉኝ።

ሱቄን ዘጋሁ። ማስታወቂያዋን በእንግሊዝኛ ጻፍኩ፣ ሦስት ጊዜ ይቅርታ የሚለውን እየሰረዝኩ፦ "መስቀል ስለሆነ እስከ ጥቅምት መጀመሪያ ዝግ ነን።" አንዲት መስመር። ደመራው ቀን ማታ ልጆቹን ይዤ ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ። ነጠላዬን ለብሼ፣ ጧፉ ተለኩሶ፣ ደመራው ሊቀጣጠል ሲል ስልኬ ኪሴ ውስጥ ነዘረ። ኦሃዮ ያለች ደንበኛ ናት። መልካም በዓል ትላለች፣ መስቀል ምንድነው ብላ ትጠይቃለች፣ ግራጫው ሻርፕ በሰማያዊ ይኖር እንደሆነም ማወቅ ፈልጋለች።

በማግስቱ መለስኩላት።

እሺ፣ ዋሸሁ። እዚያው ነው የመለስኩላት፣ ከነፎቶው።