ዕቅዱ ደርሷል፣ ኔትወርኩ መንገድ ላይ ነው

መንግሥት ሥራው ይጎተታል እያላችሁ የምታሙ ሰዎች እስቲ ጅማ ብቅ በሉ። እኔ ፈጣን ኢንተርኔት ለገጠር ለማድረስ የሚወጣ ዕቅድን ያህል ፈጣን ነገር በዕድሜዬ አላየሁም። ፋይበሩ ቀበሌው ጋ ሳይደርስ ዕቅዱ ይደርሳል፣ ይጨበጨብለታል፣ ያረጃል፣ በአዲስ ዕቅድ ይተካል።

ልምዱም የትናንት አይደለም። በ1990ዎቹ ወረዳኔት ነበረን። ወረዳው ከበላይ አካል ጋር በሳተላይት ፊት ለፊት እንዲነጋገር የታሰበ። ለሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ደግሞ ፕላዝማ ገባ። የስክሪኑ መምህር በእንግሊዝኛ ሲሮጥ ተማሪው የሚያርፈው መብራት ሲጠፋ ነበር። እንዲህ ለተማሪ የሚያዝን ቴክኖሎጂ የት ይገኛል?

በ2012 «ዲጂታል ኢትዮጵያ 2025» የሚባል የመንግሥት ስትራቴጂ ጸደቀ። ብልሃቱን እዩልኝ፤ ቁጥሩ በፈረንጆች ነው። በእነሱ ካላለቀ በእኛ ሰባት ስምንት ዓመት ጭማሪ አለን። አሁን ደግሞ ተረኛው «ዲጂታል ኢትዮጵያ 2030» ነው። ሁለት ካላንደር ያለው ሕዝብ ምን ያስቸኩለዋል?

እኔ ግን ከሁሉም የምወደው አውደ ጥናቱን ነው። ስለ ገጠር ኢንተርኔት የሚመከረው ጅማ ከተማ፣ ጥሩ ዋይፋይ ባለው ሆቴል አዳራሽ ነው። ልክ ነው፤ ገጠር ሄዶ እንዴት ይመከራል? ኔትወርክ የለማ! በየወንበሩ ውሃ፣ ደብተርና እስክሪብቶ ተቀምጧል። የክብር እንግዳው እስኪመጡ ይጠበቃል። ከዚያ ፓወርፖይንቱ ይከፈትና የዞኑ ካርታ ይመጣል። ጌራ፣ ሲግሞ፣ ሰጠማ አረንጓዴ ተቀብተዋል። አረንጓዴ ማለት «ተደራሽ የሆነ» ማለት ነው ተባልን። አረንጓዴነታቸውንማ ማን ይክዳል? ደን ናቸው።

ቀጥሎ ከአዲስ አበባ በቪዲዮ መልዕክት ይተላለፋል። «ይሰማል? ድምፅ አለ?» ሲባባሉ ሩብ ሰዓት ይሄዳል። ልክ «ያለምንም መቆራረጥ» ላይ ሲደርሱ የክቡርነታቸው ምስል አፋቸውን እንደከፈቱ ድርቅ አለ። አዳራሹ አጨበጨበ። ምን ያድርግ፣ ንግግሩ ያለቀ መስሎት ነው።

ገጠሩም ቢሆን ዝም ብሎ አልተቀመጠም። በየመንደሩ ኔትወርክ የሚይዝባት አንዲት ጉብታ አለች። እዚያ ስልኩ በፌስታል ተደርጎ የዛፍ ቅርንጫፍ ላይ ይሰቀላል። ካነሱት ይቋረጣል፤ ስለዚህ ላውድ ላይ ተደርጎ እየተጮኸ ይወራል። ማን ከማን እንደተበደረ፣ የማን ልጅ ከማን ጋር እንደተጣላች አገር ይሰማል። ግልጽነትና ተጠያቂነት የሚባለው ይኸው አይደል?

በቡና ወቅት ደግሞ ጥቅሙ ይብሳል። ነጋዴው አጋሮ ተቀምጦ የዕለቱን ዋጋ በስልኩ ያያል። ገበሬው ዋጋውን የሚሰማው ከነጋዴው አፍ ነው። ለምን በኢንተርኔት ዓይኑን ያደክማል? ነጋዴው ራሱ ቀንሶ፣ አቅልሎ ይነግረው የለ!

ስለ ኔትወርክ ታወሩም አይነሳብኝ። መብራት ሲጠፋ በባትሪ ትንሽ ይንገታገትና እሱም ይተኛል። ጄኔሬተሩ ናፍጣ ይፈልጋል፤ ናፍጣው መኪና፤ መኪናው መንገድ። መንገዱ ደግሞ በክረምት ጭቃ ነው። ሲጠገን ዶዘሩ ፋይበሩን ይበጥሰዋል፤ ፋይበሩ ሲቀጠል መንገዱ ይቆፈራል። ሥራ አጥነትን እንዲህ ነው መዋጋት።

አውደ ጥናቱ ሊያልቅ ሲል አስተያየት ተጠየቀ። ከገጠር የተጋበዙ አንድ አዛውንት ማይኩን በሁለት እጃቸው ያዙ። «ልጆቼ፣ እግዜር ይስጣችሁ። ብረቱ ከቆመ ቆይቷል። ነፍሱን መቼ ነው የምታመጡለት?»

አወያዩ ፈገግ አለ። «አባቴ፣ በጣም ጥሩ ጥያቄ ነው። ሰዓት ስለተጣበበብን በቴሌግራም ግሩፓችን ይላኩልን።»

ከዚያ ወደ ምሳ አለፍን። አይዋሽም፣ ጥብሱ በሰዓቱ ደርሷል።