ባሕሩ ይወስደዋል

ባሕር ዳር እንግዳ ሲመጣባችሁ ምን እንደምታሳዩት አትጨነቁ። ዘንባባውንም የዘጌን ገዳማትም አይቶታል። ማታ አሥራ ሁለት ተኩል ላይ እኛ ሰፈር ይዛችሁት ኑ።

ባለፈው ቅዳሜ ለቅዳሴ ብዬ አጥቤ ያሰጣኋት ነጠላዬ ከገመድ ስትወርድ የተቃጠለ ጎማ ሸተተች። እሁድ ሕዝቡ ዕጣን ሲታጠን እኔ ጎማ ታጥኜ ቆምሁ። ባለውለታዬ ጎረቤታችን ጋሼ ናቸው፤ እንዲህ ያለ ጋሼ በየሰፈሩ አንድ አይጠፋም፣ ተመስገን።

የጋሼ ጢስ እንደ ቡና በሦስት ነው። አቦሉ ደረቅ የማንጎ ቅጠልና የግቢ ጥራጊ፤ ለስለስ ያለ ነው፣ ዓይን ብቻ ያስለቅሳል። ቶናው ፌስታልና የሃይላንድ ፕላስቲክ፤ እዚህ ላይ ጢሱ ይጠቁራል፣ ሰፈሩም ቤቱ ገብቶ መስኮት ይዘጋል። በረካው የክብር ነው፤ ልጆች የጠበባቸው ኮንጎ ጫማ፣ የኤሌክትሪክ ገመድ ልጣጭ፣ በዓመት በዓል ደግሞ የባጃጅ ጎማ ቁራጭ። ፈንዲሻ አይቀርም፤ ባዶ የሽቶ ቆርቆሮ እሳት ውስጥ ገብቶ ጧ! ይላል። ጋሼ በርጩማቸው ላይ ተቀምጠው በብረት እየቆሰቆሱ በረካውን ይጠባበቃሉ። ቡና ሲፈላ «ኑ ጠጡ» ተብሎ ጎረቤት ይጠራል፤ እሳቸው ማንንም አያደክሙም፣ ጢሱ ራሱ ቤት ለቤት ዞሮ ያድላል። ለምን እንደሚያቃጥሉ ሲጠየቁ «ለቢንቢ ነው» ይላሉ። ቢንቢዎቹ እስካሁን ደህና ናቸው፤ እኛ ነን የምንስለው።

አንድ ቀን ደፍሬ «ጋሼ፣ ትንሽ ቢቀንሱልን» አልኋቸው።

«አንቺ ልጅ፣ ታናን የሚያክል ባሕር አጠገብ ተቀምጠሽ አየር አነሰሽ? ባሕሩ ይወስደዋል!»

እውነታቸውን ነው፣ ይወስደዋል። ማታ ነፋሱ ከየብስ ወደ ሐይቁ ይነፍሳል፣ ጢሱንም ይዞት ይሄዳል። ቀን የብሱ ሲሞቅ ደግሞ ነፋሱ ይዞርና ከሐይቁ ወደ ከተማው ይመጣል። ታና አደራ አይበላም። በበጋው ብራ ሌሊትማ መንገዱም ይቀርለታል፤ ቀዝቃዛው አየር መሬት ላይ ይተኛል፣ ሞቃቱ ከላይ እንደ ድስት ክዳን ይገጥምበታል፣ ጢሱም እስከ ጠዋት እዚሁ ከእኛ ጋር ያድራል።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ከጢስ ጋር ሳንባ ድረስ የሚዘልቀው ረቂቅ ብናኝ እንዳያልፈው የሚመክረውን ዓመታዊ አማካይ ልክ በሜትር ኪዩብ አየር ከ10 ወደ 5 ማይክሮግራም ዝቅ አደረገ፤ ጋሼን ሳያማክር። ጥቀርሻውም ፀሐይ እየመጠጠ አየሩን ያሞቃል ይላሉ የሚያጠኑት። ነገር ግን አየር ላይ ዕድሜው የቀናት ነው፣ ቢበዛ የሳምንታት፤ ማቃጠሉ ቢቆም ቶሎ ይጠራል። ጋሼ ይህን ሰምተው ነው መሰለኝ በየማታው የሚያድሱት።

የሐይቁ ዳርቻ ባለሙያዎችም ምስጋና ይገባቸዋል። ደንገሉን አጭደው፣ ረግረጉን አጠንፍፈው፣ «ባሕር ሸሽ»፣ ውሃው የሸሸበት መሬት ነው ብለው ያርሱታል፣ ጫት ያለብሱታል። ረግረግ ውሃ እስካለበሰው ድረስ የሞተውን ሥር ከነካርቦኑ ይዞ ይኖራል፤ ሲደርቅ ወደ አየር ይለቀዋል። ከማሳ የሚታጠበውን አፈርና ማዳበሪያ ያጠልል የነበረውም እሱ ነው። ያንን ማዳበሪያ የሚመገበው የእምቦጭ አረም ሲመጣ ግን ሁላችንም «ከየት መጣብን?» ብለን ደረታችንን መታን። ሐይቁ እ.ኤ.አ. በ2015 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ቦታ ሆኖ ሲመዘገብ ያጨበጨብንበት እጅ ነው።

ከጋሼ ግድግዳ ማዶ የሦስት ወር አራስ ልጅ አለች። ሌሊት ስታጣጥር ይሰማኛል። የገመድ ልጣጭ ሲቃጠል ዳዮክሲን የሚባል መርዝ ይወጣዋል፤ ልጅቷ ደግሞ የምትዘጋው መስኮት የላትም፣ አፏን ከፍታ ነው የምትተነፍሰው። ምን ዓይነት ሰው ነው ሳሏን እየሰማ ጫማ የሚጨምርበት? ሰምተዋል እኮ! እናትየዋ ሁለቴ ለምናቸዋለች።

ትናንት ማታ ጋሼ በአጥሩ ላይ ብቅ አሉ። የመጡት ይቅርታ ሊጠይቁ መስሎኝ ነጠላዬን አስተካክዬ ተነሣሁ።

«እናንተ ቤት የተቀደደ ጀሪካን አለ አሉ» አሉኝ።