ጭብጨባ ነጥብ አይሆንም

ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም የምትኖሩ ታውቁታላችሁ፣ በዓል ሲደርስ የሰፈር ልጆች ሜዳው ላይ ጨዋታ ያዘጋጃሉ፣ ከዋናው ጨዋታ በፊት ደግሞ «የችሎታ ውድድር» የሚሉት ነገር አለ። ኳስ ማንቀርቀብ፣ ከርቀት የጎሉን አግዳሚ መምታት፣ አግዳሚው ላይ በገመድ በተንጠለጠለ የመኪና ጎማ ውስጥ ኳስ ማሳለፍ። ሽልማቱ ማልያ ነው፣ ስፖንሰር ከተገኘ ታኬታ። ሀሳቡን በጣም ነው የምወደው፣ ልጆቹ ከኪሳቸው አዋጥተው ነው የሚያዘጋጁት፣ ማንም ዞር ብሎ አያያቸውም። ችግሩ ነጥብ የሚባል ነገር የለም። ያለፈው ፋሲካ ላይ አንድ ቀጠን ያለ ልጅ ኳሷን በጎማው ሁለቴ አሳለፈ፣ ንጹህ፣ ጠርዙን እንኳ ሳትነካ። ሌላው አንዴ ብቻ ነው ያሳለፈው፣ ግን ኳሷ የጎማውን ጠርዝ መታ ወደ ላይ ተነሳች፣ ተመልሳ ወረደች፣ ከዛ ገባች፣ ሰዉ አበደ። ማይክ የያዘው ልጅ «ማንን ትላላችሁ?» ብሎ ሕዝቡን ጠየቀ፣ ጭብጨባ የበዛለት ታኬታውን ወሰደ። ቀጭኑ ልጅ ሄዶ «ኮች፣ እኔ እኮ ሁለት ነው ያስገባሁት» ሲለው የተሰጠው መልስ «ሕዝብ ፈረደ እኮ» ነው።

ሕዝብ ምን አገባው?

ይሄን የማነሳው ልጁ ዘመዴ ሆኖ አይደለም፣ አላውቀውም። የክረምት ኦሎምፒኩ ሰሞን በዩቲዩብ ከርሊንግ የሚባል ስፖርት ውስጥ ገብቼ ቀረሁ፣ እና እነዚህ የበረዶ ሰዎች ይሄንን የኛን ጭቅጭቅ ድሮ ጨርሰውታል፣ ለዛ ነው።

ከርሊንግ መጀመሪያ ሲያዩት ያስቃል፣ አልዋሽም። 20 ኪሎ የሚጠጋ የግራናይት ድንጋይ እጀታ ተገጥሞለት በረዶ ላይ ይንሸራተታል፣ ሁለት ሰዎች ከፊቱ እየሮጡ በረዶውን በመጥረጊያ ይፈትጉታል፣ አንዱ ደግሞ ከወዲያ ማዶ ቆሞ ይጮህባቸዋል። ልጅ ሆናችሁ ብይ ተጫውታችሁ ከሆነ ግን በአምስት ደቂቃ ይገባችኋል፣ ያው ወይ ዒላማው ጋ ትጠጋለህ ወይ የሌላውን መትተህ ታባርራለህ። ዒላማው በረዶው ላይ የሚታይ ክብ ነው፣ ከዳር እስከ ዳር 3.66 ሜትር፣ ውስጡ እየጠበቡ የሚሄዱ ክቦች አሉት። ድንጋዩ ሲለቀቅ ትንሽ ስለሚሽከረከር መንገዱ ይታጠፋል፣ ጠራጊዎቹ ፍሪክሽኑን ስለሚቀንሱለት ደግሞ ርቆ ይሄዳል፣ ቀጥም ይላል። ጨዋታው የስኮትላንዶች ነው፣ በፈረንጆቹ 1838 ኤድንብራ ላይ ለሁሉም ክለቦች አንድ እናት ክለብ አቋቁመው ህጉን አንድ አደረጉ፣ ኦሎምፒክ ላይ በቋሚነት የገባው በ1998 ናጋኖ ላይ ነው።

አሁን ወደ ነገሬ። ካናዳ ውስጥ በብሔራዊ ሻምፒዮናዎቹ ላይ ከጨዋታው ጎን የምት ችሎታ ውድድር ያካሂዱ ነበር፣ ሆት ሾትስ ይሉታል፣ አሸናፊው ለተወሰነ ጊዜ የሚነዳው መኪና ሁሉ ይሸለም ነበር። ስድስት ምት አለ። አንዱ ድንጋዩን አምጥቶ መሃል ነጥቡ ላይ ማቆም ነው፣ ሌላው የቆመ ድንጋይ መትቶ አስወጥቶ የራስን እዛው ማስቀረት፣ ሌላው መትቶ ወደ ጎን ተንሸራቶ የተፈለገበት ቦታ መቆም። ከፊት ያለ ድንጋይን ገፍቶ ወደ መሃል ማስገባትም አለ። እኔ በጣም የወደድኩት በሁለት ድንጋዮች መሃል ባለች ክፍተት አሾልኮ ማስገባቱን ነው፣ ምክንያቱም እዛ ላይ ጉልበት ምንም አይሰራም፣ ትንሽ ከፈጠነ ያልፋል ትንሽ ከዘገየ ቀድሞ ይታጠፍና አንዱን ይገጨዋል፣ ወርዋሪው ከለቀቀው በኋላ ተንበርክኮ ፊቱ ላይ የሚታየውን ነገር ማየት ነው እንግዲህ። የመጨረሻው በአንድ ድንጋይ ሁለት ማስወጣት። እያንዳንዱ ምት ቢበዛ 5 ነጥብ፣ ድምሩ 30። አለቀ። ድንጋዮቹ ለሁሉም ተወዳዳሪ እኩል ቦታ ላይ ይደረደራሉ፣ ሁሉም ሰው ድንጋዩን ሳይለቅ በፊት የቱ ስንት እንደሚያሰጠው ያውቃል። ተመልካች ቢፈልግ ያጨብጭብ፣ ቢፈልግ ይተኛ።

ከዚህ ውስጥ ለኛ ሰፈር በጣም የሚያስፈልገን በዜሮና በሙሉ ነጥብ መሃል ያለችው ከፊል ነጥብ ናት። እኛ ጋ አግዳሚውን መታህ ወይ አልመታህም ነው። አግዳሚውን በፀጉር ስንዝር የሳተው ልጅና ኳሷን ወደ አዳማው የክፍያ መንገድ የላካት ልጅ ሁለቱም ዜሮ ናቸው፣ ይሄ ምን ዓይነት ሂሳብ ነው? ሶስት ኳስ ብቻ ለሚሰጠው ልጅ ዜሮና አንድ ብቻ ካለህ ግማሹ ሰው እኩል ይወጣል፣ እኩል ሲወጡ ደግሞ ማይክ የያዘው ልጅ «ማንን ትላላችሁ» ማለቱ የማይቀር ነው። ጭብጨባው የመጣው እኮ ልጆቹ ክፉ ሆነው አይደለም፣ ነጥቡ ስላላለያቸው ነው።

ግን 0 እስከ 5ን እንዳለ እንውሰድ አልልም። እዛ ዳኛው ልምድ አለው፣ በረዶው ላይ ክቦቹ አሉ፣ ማን የት እንደቆመ ይታያል። እኛ ሜዳ ላይ አምስት ደረጃ ብናወጣ ጭቅጭቁም አምስት ደረጃ ይኖረዋል። የድሮዎቹ ስኮትላንዶች በ19ኛው ክፍለ ዘመን የነበራቸው የብቻ ውድድር ይሻለናል፣ እነሱ ጋ ምቱ ጥሩ ከሆነ 2፣ ደህና ከሆነ 1፣ ካልሆነ ምንም። የምቶቹ ዓይነት ግን ብዙ ነው፣ ወደ አስር ይጠጋል፣ ሰውየው ሁሉን የሚችል መሆኑ ይታያል። ካናዳም ለታዳጊዎች ቀለል ያለ አላት፣ መምታት፣ ማስጠጋት፣ መግፋት፣ በቃ ሶስት ነገር። ስለዚህ ለኛ፦ ጎማ ውስጥ ንጹህ ካለፈች 2፣ ጠርዝ ነክታ ከገባች 1። አግዳሚውን ከመታች 2፣ ከአግዳሚው በላይ በኖራ ከተሰመረ... አይ፣ አየር ላይ ኖራ አይሰመርም፣ ከአግዳሚው በላይ ገመድ ይወጠርና በገመዱና በአግዳሚው መሃል ካለፈች 1።

ጠርዝ የነካችው 1 መሆኗ ብዙ ሰው እንደማይዋጥለት አውቃለሁ። «ገብታለች አይደል እንዴ፣ ምን አገባህ እንዴት እንደገባች?» የሚል ይመጣል። ኳስ ጨዋታ ላይ ቢሆን እውነቱን ነው፣ ጎል ጎል ነው። የችሎታ ውድድር ግን ሌላ ነው። ከርሊንግ ላይ በመደበኛ ጨዋታም ስታቲስቲክስ ያዢዎቹ እያንዳንዱን ውርወራ ከ0 እስከ 4 ነጥብ ይሰጡታል፣ በኋላ ቲቪ ላይ ፐርሰንት ሆኖ የምናየው እሱ ነው፣ እና የሚለኩት ምን ጥሩ ነገር ተፈጠረ ብለው ሳይሆን ካፒቴኑ የጠየቀው ምት ተመታ ወይ ብለው ነው። ድንጋዩ ተሳስቶ ሌላ ነገር ገጭቶ ተአምር ከሰራ ቡድኑ ይጠቀማል፣ ወርዋሪው ግን ፐርሰንቱ ላይ ዕድሉን አያስቆጥርም። ይሄን ሳየው ያ ቀጭን ልጅ ነው የመጣብኝ።

ስለ ማንቀርቀብ አንድ ነገር ልበል። እሱን የሚችል ልጅ ፀሐይ እስክትጠልቅ ያንቀረቅባል፣ 200 ቆጥሮ ይመጣና ሌላውን ውድድር ሁሉ ይውጠዋል። ሆት ሾትስ ላይ ስድስቱም ምት እኩል 5 መሆናቸውን መጀመሪያ አልወደድኩትም ነበር፣ በአንድ ድንጋይ ሁለት ማስወጣትና አንዱን ማስወጣት እንዴት እኩል ይሆናል ብዬ። ሳስበው ግን እኩል መሆኑ ነው ልጁን በአንድ ነገር ብቻ እንዳያሸንፍ የሚያደርገው። ማንቀርቀብም ጣሪያ ይበጅለት፣ 50 ከሞላ 2፣ 20 ከሞላ 1፣ ከዛ ኳሷን አስቀምጥ።

ደግሞ የእርዳታ ነገር አለ፣ እዚህ ላይ ትንሽ እቆያለሁ። ከርሊንግ ላይ ጠራጊዎቹ ሕጋዊ ናቸው፣ ጨዋታው ራሱ የቡድን ነው፣ ሁሉም ቡድን እኩል መብት አለው። የኛ ፋሲካ ላይ ግን ነፋስ ነበር፣ የቱሉ ዲምቱን የከሰዓት ነፋስ ታውቁታላችሁ፣ ጎማው እንደ ልቡ ይወዛወዛል። አንዱ ተወዳዳሪ ሲመታ ጓደኛው ከጎሉ ጀርባ በኩል ሆኖ ገመዱን በሁለት ጣቱ ያዝ አድርጎለታል። እኔ ከጎን ስለነበርኩ በደንብ አይቻለሁ፣ ሲመታ ይይዛል፣ ሌላው ሲመጣ ይለቃል፣ ዳኛው ማይኩን እያስተካከለ ነው። ይሄ እንኳን ጥፋት ነው ለማለት የሚጠቀስ ሕግ የለም፣ ማን አይያዝ አለ? ወይ ለሁሉም አንድ ሰው ይያዝ፣ ወይ ጎማው ከታች በሌላ ገመድ ይታሰር፣ ከሁለቱ አንዱ ከመጀመሩ በፊት ይነገር።

የመስመሩም ነገር እንደዛው ነው። እነሱ ጋ ወርዋሪው ድንጋዩን ከተሰመረው መስመር በፊት መልቀቅ አለበት፣ ትልልቅ ውድድሮች ላይ እጀታው ውስጥ ሴንሰር አለ፣ ካሳለፈ ቀይ መብራት ይበራል፣ ድንጋዩ ይወጣል። እኛ ጋ ልጆቹ እየተንደረደሩ ሁለት ሶስት እርምጃ ይሰርቃሉ፣ መስመሩ ደግሞ በእግር የተጫረ ስለሆነ ከሶስተኛው ልጅ በኋላ የለም። ሴንሰር አልጠየቅኩም፣ ግማሽ ከረጢት ኖራ ነው። ተራም በዕጣ ይሁን፣ ምክንያቱም በረዶውም ሜዳውም እንደተነሳ አይቀርም። እነሱ በረዶው ላይ የውሃ ጠብታ ረጭተው ጉብጉብ ያደርጉታል፣ ድንጋይ በተመላለሰበት ቁጥር ጉብጉቡ እየተላጨ ሌላ ዓይነት ይሆናል። የኛ መረሬ ደግሞ በበጋ ተሰነጣጥቆ ኳሷን የት እንደሚያነጥራት አይታወቅም፣ ጠዋት ነፋስ በሌለበት የመታና ዘጠኝ ሰዓት ላይ የመታ ልጅ አንድ አይደሉም። ሁሉም አንድ አንድ ኳስ ይምታ፣ ከዛ ሁለተኛው ዙር በተገላቢጦሽ ተራ ይሁን።

«በረዶ የሌለበት አገር ተቀምጠህ ስለ በረዶ ስፖርት ታወራለህ» ለምትሉኝ፣ ሮቤል ተክለማርያም በ2006 ቱሪንና በ2010 ቫንኩቨር የክረምት ኦሎምፒክ ላይ ኢትዮጵያን ወክሎ በስኪ ተወዳድሯል፣ ናይጄሪያም በ2018 የዓለም ከርሊንግ ፌዴሬሽን አባል ሆናለች። ኧረ ለነገሩ ድንጋዩን ማንም አምጡልን አላለም፣ የነጥብ ሕጋቸው የተጻፈበትን ወረቀት ነው የምፈልገው። ለበዓል ጨዋታ ይሄ ሁሉ ሕግ ምን ያደርጋል ለምትሉም፣ ታኬታ ስንት እንደገባ ሂዳችሁ ጠይቁ። ለዛ ልጅ ጨዋታ አልነበረም።

እኩል ከወጡስ? እዚህ ላይ ከርሊንጎቹን ሙሉ በሙሉ እንቅዳቸው። እያንዳንዱ ጨዋታ ከመጀመሩ በፊት ሁለቱ ቡድኖች ሁለት ሁለት ድንጋይ ወደ መሃል ይልካሉ፣ አንዱን በአንድ አቅጣጫ አሽከርክረው ሌላውን በተቃራኒው፣ ከመሃሉ ያለው ርቀት በሴንቲሜትር ይለካና ይደመራል፣ ያነሰው ቡድን የመጀመሪያው ዙር የመጨረሻ ድንጋይ የሱ ይሆናል። የውድድሩ ደረጃ ሠንጠረዥ ላይ እኩል ሆነው በእርስ በርስ ጨዋታም ካልተለያዩ ደግሞ የዛ ልኬት አማካይ ይታያል። እኛም እኩል የወጡት ልጆች ከ20 እርምጃ ላይ መሬት ላይ ወደተቀመጠ ጎማ ሁለት ኳስ ይላኩ፣ አንዱን በቀኝ እግር አንዱን በግራ፣ ኳሷ ከቆመችበት ይለካ፣ ይደመር። ለእንቁጣጣሽ አትሞክሩት፣ መረሬው ጫማ ነው የሚበላው፣ ኳሷም ጭቃው ላይ ተጣብቃ ትቀራለች። ለገና ይድረስ። ሜትሮው ከኔ፣ ኖራው ደግሞ ከብሎኬት ማምረቻው በላይ ያለው ግንባታ ላይ ይጠየቅ፣ ያቺን ታክል አይነፍጉም።